በሩን ማን ከፈተላት?

ናፊሳ ሰው ቶሎ አታምንም። ይሄን ሸዋ ሮቢት ሁሉ ያውቀዋል፤ ቲማቲም ሲመዘንላት እንኳ ዓይኗን ከሚዛኑ ላይ አታነሳም። ታዲያ እንዲህ ያለችው የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ስሙን እንጂ ዘመዱን የማታውቀውን ሰው ወድዳ መገኘቷ ለራሷም ግራ ገብቷት ነበር።

ሰውዬው ሷሊሕ ይባላል። አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ ሱቁ ነዶበት ወደ ሮቢት የወረደ የውሃ ፓምፕ ሠሪ ነው። አንድ ቀን የአባቷን የጋሼ አሊዪን የሽንኩርት ማሳ ፓምፕ ጠግኖ እጁን ሊታጠብ ወደ ግቢ ሲገባ፣ ናፊሳ በረንዳው ላይ የደረደረቻቸውን የሥዕል መጻሕፍት አየ። ከትምህርት ቤት መልስ ለሰፈሩ ሕፃናት የምታውሳቸው ናቸው።

«ለትልቅ ሰውም ታውሻለሽ?» አላት።

«ትልቅ ሰው ምን ያደርግለታል?»

«ለእህቴ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት አልፏታል።»

ናፊሳ ገንዘብ አትቀበልም፤ ደንቧ ሌላ ነው። መጽሐፍ የወሰደ ሰው ሲመልስ፣ ልጁ ሥዕሉን አይቶ ያለውን ነገር ቃል በቃል ይነግራታል፤ እሷም በደብተሯ ትጽፈዋለች። መጽሐፉን ሳይገልጠው ሳምንት አስቀምጦ የሚመልስ አባት በዚህ ይያዛል። ስንቱን አባት አሳፍራበታለች!

ሷሊሕ መጀመሪያ የወሰደው፣ ዶሮ ጫማ ልትገዛ ገበያ የምትሄድበትን ነው። ናፊሳ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው እሱን ነው፤ ስታነብላቸው ሕፃናቱ በሳቅ ይንከባለላሉ። በሳምንቱ መለሰው።

«እሺ፣ ምን አለች?»

«ዶሮዋ በጠዋት ከቤት ስትወጣ የሚያሳየውን ሥዕል ይዛ ቀረች። ‹በሩን ማን ከፈተላት?› አለችኝ።»

ናፊሳ ሳቀችና ጻፈችው። ሷሊሕ ግን አልሳቀም።

ሁለተኛው ባጃጅ ስለጠበበው ዝሆን ነበር።

«ሾፌሩን እያሳየች ‹ፖሊስ› አለች» አላት ሲመልሰው።

«ባጃጅ የሚነዳውን?»

«እሱንም፣ ሐብሐብ የሚሸጠውንም፣ ከዛፍ ሥር የተኛውንም ሽማግሌ።»

«ወንድ ሁሉ ፖሊስ ነው እንዴ እናንተ ቤት?» ብላ ቀለደች። ሷሊሕ ወሬውን ወደ ሽንኩርት አዞረው።

ያን በጋ የጋሼ አሊዪ ፓምፕ ስድስት ጊዜ ተበላሸ። «ይሄ ልጅ ያበላሸዋል እንጂ አይሠራውም» እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ አባትየው የሆነው ሳይገባቸው አልቀረም። ሷሊሕ ከአስር ሰላት በኋላ በረንዳው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ናፊሳ የተቀደደ ገጽ ትለጥፋለች፤ እሱ ጫፉን ይይዝላታል። ብዙ አይነጋገሩም። ቀና ስትል ሲያያት ታገኘዋለች፤ እሱ ደግሞ መያዙን ሲያውቅ ገጹን ይገለብጣል። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ድው ድው ይል ነበር፤ ምን ትደብቃለች!

«እሑድ ሽማግሌ ብልክ ታባርሪያቸዋለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«ይምጡና እናያለና» አለች። እሷ እንዲህ ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው።

ነገሩን ያደፈረሰችው አብራት የምታስተምረው ሶስና ናት።

«እህቱ የት ነው ያለችው አልሽኝ?»

«ጀውሃ። መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ከዲጃ ትባላለች።»

«ጀውሃ? እኔ ያደግኩበት ጀውሃ?» ሶስና ጠመኔዋን አስቀመጠች። «የጀውሃን ምግብ ቤት አንድ ባንድ እቆጥርልሻለሁ። እንዲህ የምትባል ሴት የለችም። ይልቅ ሚስቱ እንዳትሆን!»

«ሂጂ ወዲያ!» አለች ናፊሳ። ግን ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ሐሙስ ሷሊሕ ሦስተኛውን መጽሐፍ መለሰ፤ ጨረቃ ጉድጓድ ውስጥ ስለወደቀችበት ነው።

«ምን አለች?»

«‹ጨረቃ ምንድን ናት?› አለች።»

የናፊሳ እስክሪብቶ ቆመ። ሙቀቱ ማታ ማታ ሰውን ሁሉ ምንጣፍ አስይዞ ደጅ በሚያወጣበት አገር፣ ጨረቃን የማያውቅ የሦስት ዓመት ልጅ ይኖራል? እሱ እንደወጣ ደብተሯን ገለጠች። በሩን ማን ከፈተላት። ወንድ ሁሉ ፖሊስ። ጨረቃ ምንድን ናት። አንድ ላይ ደግማ አነበበቻቸው። ይሄ ሰው ልጅቷን ቆልፎባታል! ወይ ሚስት ደብቋል፣ ወይ ልጅ ደብቋል፣ ወይ ሁለቱንም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለእሑድ ተቀጥረዋል።

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቷን ጥቁር ጅልባብ ተውሳ፣ ባጃጅ ይዛ ተከተለችው። ሷሊሕ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሏል፤ በፌስታል ትንሽዬ ቀይ ጫማ ይዟል፤ በብብቱ ደግሞ የእሷን መጽሐፍ ሸጉጧል። ጫማውን ስታይ ዓይኗ ቀላ። ሰውዬው ግን ወደማንም ቤት አልገባም። ማረሚያ ቤቱ በር ላይ እስረኛ ሊጠይቁ ከተሰለፉት ሰዎች ኋላ ቆመ።

«እህትህ ጀውሃ አይደል ያለችው?»

ድምጿን ሲሰማ ምሳ ዕቃው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ናፊሳ…»

«ናፊሳ አትበለኝ! የማን ልጅ ናት?»

«የከዲጃ። ወላሂ የእህቴ ልጅ ናት።» ሰው እንዳይሰማው ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ካራቆሬ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልታ ሰው በአካፋ መታች። ሰውዬው ተረፈ፤ እሷ ግን ተፈረደባት። ስትገባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባልየው ፈታት። ልጅቷ ሐያት እዚሁ ነው ያደገችው፤ ሳይመሽ ይቆለፍባቸዋል። ጨረቃን ከየት ታያት?»

ናፊሳ ሦስት ስድብ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ሦስቱንም ትታ ምሳ ዕቃውን ተቀበለችው።

አብራው ገባች። በሩ ላይ ያለችው ፈታሽ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ገለጠችው፤ አንዱ ሥዕል ጋ ስትደርስ ፈገግ ብላ መለሰችላቸው። ከእንጨቱ አጥር ማዶ አንዲት ቀጭን ሴት ልጅ አዝላ መጣች። ልጅቷ አጎቷን ሳይሆን መጽሐፉን ነበር የምታየው።

«አንቺ ነሽ ናፊሳ!» አለች ከዲጃ፤ እጇን በአጥሩ አሾልካ ያዘቻት። «አላህ ያክብርሽ፣ እህቴ። ከኒካሁ በኋላ ሐያትን እኔ አሳድጋታለሁ ማለትሽን ሲነግረኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ።»

ናፊሳ ወደ ሷሊሕ ዞረች። መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም። አላልኩም ልትል አፏን ከፈተች፤ ሴትዮዋ ግን እጇን አጥብቃ እንደያዘች ነው።

«አሚን» አለች ብቻ።

ውጭ ሲወጡ ግን ፈነዳች።

«በእኔ አፍ እሺ አልክ!»

«ማረሚያ ቤቱ ሐያት አራት ዓመት ሳይሞላት ትውጣ ብሎናል። ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም። ካገባሁሽ በኋላ ቀስ ብዬ…»

«ካገባኸኝ በኋላ እምቢ ማለት አልችልማ! እኔንም ልትቆልፍብኝ ነበር!»

«ስለምወድሽ ፈራሁ። የእስረኛ ወንድም፣ የሰው ልጅ የሚያሳድግ… ማን እሺ ይለኛል?»

«እኔም እወድሃለሁ! ለዚህ እኮ ነው የምቃጠለው!» አለች፤ እንባዋ በጅልባቡ ላይ ወረደ። «ነገ ሽማግሌዎችህ ከመድረሳቸው በፊት ለአባቴ አንተው ትነግረዋለህ። አንዲት ቃል ሳትቀንስ። አለበለዚያ ይዘሃቸው ተመለስ።»

ይመጣል ብላ አላመነችም። እሑድ ጠዋት ግን በረንዳው ላይ ሆና፣ ሷሊሕን ሽንኩርቱ መካከል ከአባቷ ፊት ቆሞ አየችው። ምን እንደሚባባሉ አይሰማም። ጋሼ አሊዪ አካፋቸውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፓምፑን በእጃቸው አሳዩትና ወደ ቤት መጡ።

«ምን አልከው?»

«ፓምፑን ሥራ፣ መልሱን ከልጄ ትሰማለህ አልኩት። የሰው ልጅ ማሳደግ ቀልድ አይደለም፣ ናፊሳ። ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ። ግን አላምነውም።»

«ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው?»

«እሱ ይልፋበት፣ አባባ።»

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ በሸህ ኢልያስ መሪነት መጡ፤ ሷሊሕም ከፓምፑ ተነስቶ በሩ ጥግ ተቀመጠ። በወጉ መልስ የሚሰጠው አባት ነው፤ ጋሼ አሊዪ ግን «ልጄ ትናገር» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ናፊሳ ወጥታ ቆመች።

«እሺ ብያለሁ» አለች። «ግን ዛሬ ቀን አይቆረጥም። መጀመሪያ ሐያት ወጥታ እዚህ አባቴ ቤት ትገባለች። እሱ ለሠርጉ ብላ ወሰደቻት እንዲል አልፈልግም፤ እሷም የማንም ጥሎሽ አይደለችም። ቤቱን ስትለምድ ያን ጊዜ ኒካሁ ይታሰራል። እሱ እንደገና ቢዋሸኝ ደግሞ እሱ ይሄዳል፣ ልጅቷ ትቀራለች።»

ሸህ ኢልያስ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ሽማግሌ ሆኜ ስዞር አርባ ዓመቴ ነው» አሉ። «ልጅ ቀድሞ ኒካህ ሲከተል፣ ይኸውም ሽማግሌ ፊት በይፋ ሲነገር፣ ዛሬ ገና ሰማሁ!»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ላለመሳቅ ጥርሳቸውን ነክሰው የነበሩት ጋሼ አሊዪ እንኳ አልቻሉም። ሷሊሕ ብቻ ግራሶ በነካው እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት አለቀሰ።

ናፊሳ ሽማግሌዎቹን ስትሸኝ ሷሊሕን በሩ ጋ ጠብቃ ያዘችው።

«ቅዳሜ ስንሄድ ለእህትህ እውነቱን ትነግራታለህ።»

«የቱን?»

«ያን ጊዜ እሺ እንዳላልኩ። አሁን ግን እንዳልኩ።»