ለሚዛና የውኃው ዐይን

የዘንገራ አገር ታላቁ ምንጭ በደረቀበት ማለዳ ፀሐይ ደም መስላ ወጣች፤ ፈረሶች በየጋጣው አሽካኩ፤ ጠቢባንም ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሰርጎም የተባለው ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ፣ ምንጩን ሕያው የሚያደርገውን ዕንቁ፣ የውኃውን ዐይን፣ ነቅሎ ወደ ዋሻው ወስዶት ነበር። ሊያስመልሱ ከዘመቱት መሳፍንት አንድም የተመለሰ የለም።

ያን ጊዜ ወጣቷ ለሚዛ ከአባቷ ከጉንዳር ጋር በንጉሥ አርማዝ ፊት ቀረበች። አደባባዩ አጉረመረመ። ሁለቱም ቆዳቸው እንደ ክረምት ሰማይ የጠቆረ እንዶራዎች ነበሩና። እንዶራ ቀን ለደገኞች ድንጋይ ይፈልጣል፤ ምሽት መለከት ሲነፋ ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ በሩም ከላዩ ይቆለፍበታል፤ የሚከፈትለትም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ደጋ ላይ ያደረ ይሰቀላል። ጉንዳር ከአያቱ የወረሰው አንድ ሕልም ብቻ ነበር፦ ደጋው ላይ ቤት ሠርቶ፣ ከገዛ ደጃፉ ፀሐይ ስትወጣ ማየት።

«የገደል እጅ የንጉሥን ዕንቁ ሊነካ!» አለ አንድ መስፍን፣ አፍንጫውን በኩታው ሸፍኖ።

ለሚዛ ወደ እርሱ አልዞረችም። «ንጉሥ ሆይ፣ ዕንቁውን ካመጣን የገደሉ በር ይነቀል። ይማሉልን።»

ንጉሡ የደረቀውን ምንጭ ተመለከተ። «በአባቴ ዐፅም፣ በዘውዴም ምያለሁ። ይነቀላል።»

የገደሉ በር ጠባቂ ደርቤል አብሯቸው እንዲሄድ ታዘዘ። ደገኛ ነውና ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ ከእነርሱ ርቆ ሄደ፤ ርቆ በላ።

ሊነጋጋ ሲል ዋሻው ደረሱ። ሰርጎም ተጠምጥሞ ተኝቷል። ለሚዛ ትንፋሿን ውጣ በጥምጥሙ መሐል ተሽሎክልካ ዕንቁውን መነጨቀች። ስድስቱም ዐይኖች በአንዴ ተገለጡ! ደርቤል በጎራዴው አንዱን አንገት ቀላ፤ አውሬው በሥቃይ ጅራቱን ሲያወናጭፍ የዋሻው ምሰሶ ተሰበረ፤ ከዋሻው አፍ በላይ ያለው ቋጥኝም ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ጉንዳር ሮጦ ትከሻውን ከሥሩ አስገባ።

«ውጡ! ውጡ አልኳችሁ!»

ደርቤል ለሚዛን ጎትቶ አወጣት። ቋጥኙ ወረደ። ተራራው በሰርጎም ላይ ሲናድ ከውስጥ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ለሚዛ ጣቶቿ እስኪደሙ ድንጋዩን ቧጠጠች። «አባዬ! አለህ?»

«አለሁ» የሚል ድምፅ በስንጥቁ መጣ። «ወገቤን ተይዣለሁ። ልጄ፣ አትልፊ። ገደል ተወልጄ ገደል ነው የኖርኩት፤ ይኸም ያው ነው። ነግቷል እንዴ?»

«እየነጋ ነው።»

«እስቲ ንገሪኝ። ምን ትመስላለች?»

እርሷም አይታት አታውቅም ነበር። እንባዋን ውጣ ዞረች። «መጀመሪያ የተራራው ጫፍ ቀላ።»

«ከዚያስ?»

«ደመናው ተገለጠ። አሁን ብቅ አለች አባዬ፣ እንዳፈረ ሰው ቀስ ብላ።»

«ከዚያስ?»

«ፊቴን ሞቀችኝ። ሜዳውን ሁሉ አለበሰችው፤ የቤታችን ቦታ ከዚህ ይታያል…»

«ከዚያስ» የሚል አልነበረም። ለሚዛ ግን ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ መናገሯን አላቆመችም። ደርቤል የራስ ቁሩን አውልቆ አጠገቧ ተንበረከከ።

ዕንቁው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ምንጩም ፈሰሰ። መሳፍንቱ ቢያጉረመርሙም ንጉሡ መሐላውን አልበላም፤ በሩን ከማጠፊያው የነቀለው ደርቤል ነበር። ለሚዛና እናቷ ሶሬና ደጋው ላይ ጎጆ ቀለሱ። ጎረቤቶቻቸው ግን አጥራቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩ፤ ልጆቻቸው የእነ ለሚዛን ጣራ በድንጋይ ደበደቡ።

«ከገደል ወጥተን ሌላ ገደል ገባን» አለች ሶሬና፤ «አባትሽ ለዚህ ነው የሞተው?»

«አንወርድም፣ እናቴ» አለች ለሚዛ።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። አንድ ጠዋት፣ ከላይኛው ቤት ያለችው አሮጊት ደገኛ ገል ይዛ ደጃፋቸው ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ ለማየት ፈራች።

«እንደምን አደራችሁ። እሳቴ አድሮ ጠፋብኝ። ብትጭሩልኝ?»

ሶሬና ወደ ምድጃው ጎንበስ ብላ አመዱን ገለጠች፤ ትልቁን ፍም መርጣም በገሏ ላይ አኖረችላት።