የእማ ብርድ

የብዙነሽ ጣቶች ሹሩባው መሀል ላይ ቆሙ።

ሐና ሻይ ይዛ ከኩሽና ብቅ ስትል ነው ያየችው። እናቷ ከዙበይዳ ጀርባ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ሦስቱን የፀጉር ዘለላ እንደያዘች፣ የቱን በየቱ ላይ እንደምታሳልፍ የጠፋት ትመስላለች። ብዙነሽ እኮ በሪያድ፣ በመላዝ ሰፈር ሐበሾች ዘንድ «ዓይኗን ጨፍና ትሠራለች» የምትባል ሴት ናት። አርብ አርብ ከአሠሪዎቻቸው ቤት ለእረፍት የሚወጡት ሴቶች እዚሁ ሳሎን ተራ ይዘው፣ እየተሳሳቁና ያልመጣውን እያሙ ይሠሩ ነበር። ዛሬ የመጣችው ዙበይዳ ብቻ ናት። ሌሎቹ አንድ በአንድ ቀርተዋል፤ ምክንያቱን የተናገረ የለም፣ ሐናም አልጠየቀችም።

«ብዙዬ፣ እህቴ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል» አለች ዙበይዳ አንገቷን ሳታዞር።

«ሙከየፉ ነው» አለች ብዙነሽ።

ሙከየፉ፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ ከጠፋ ሰነባብቷል። ያጠፋችውም ራሷ ናት። ውጭ የሰኔ ፀሐይ አስፋልቱን ታቀልጣለች፤ ሐና ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል፤ እናቷ ግን ሹራብ ለብሳለች።

ዙበይዳ በግማሽ የተሠራ ራሷን በሻርፕ ሸፍና ተነሣች። ማዳሜ ቶሎ ነይ ብላኛለች አለች፤ ውሸት መሆኑን ሦስቱም ያውቁ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ሐናን ወደ ኮሪደሩ ሳብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፊቷን አይተሽዋል? ድምጿንስ? ወላሂ ባለፈው ዓመት እንዲህ ስትሆን አስታውሳለሁ። ለአባትሽ ንገሪው።»

«እሺ» አለች ሐና።

እሺ ያለችው ለመገላገል ነበር። መንገር አትችልም፤ ምላለች።

ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር የጀመረው። እናቷ ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃታት። ፊቷ አበጠ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር። ቴሌቪዥን እያየች፣ ያውም የሚያስቅ ነገር እያየች፣ እንባዋ ይወርዳል። አባቷ ታምሩ የአገር ናፍቆት ነው አለ። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄዱ፤ አረብኛውን ከሁሉም የተሻለ የምትችለው ሐና ስለሆነች አስተርጓሚዋ እሷ ሆነች።

ሱዳናዊው ሐኪም የደም ምርመራውን አይቶ በጣቱ የራሱን አንገት ነካ አደረገ። እዚህ ጋ ታይሮይድ የምትባል ትንሽ እጢ አለች፤ ለሰውነት ፍጥነቱን የምትሰጠው እሷ ናት አለ። እሷ ስትደክም ሁሉ ነገር ይዘገያል፤ ልብም፣ ሆድም፣ ሐሳብም። ሰውነት ይበርደዋል፣ ሰውም የሚያሳዝን ነገር ሳይኖር ያዝናል። የጎደለውን የሚተካ ክኒን አለ፤ በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ ይዋጣል፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። ሐና አንድም ሳታስቀር ተረጎመች። የመጨረሻውን ሲናገር ግን ሐኪሙ የሚያየው እናቷን ሳይሆን እሷን ነበር።

«ብታቆመው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ቀስ ስለሚል እሷ ራሷ አታውቀውም። የሚያውቀው አብሯት ያለ ሰው ነው።»

ክኒኑ ሠራ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙነሽ ኩሽና ውስጥ ስታንጎራጉር ተሰማች። አርብ ሲመጣ ሳሎኑ እንደገና በሴት ሳቅ ሞላ። ፍቅረኛዋን የምትደብቅ ልጅ ካለች ብዙነሽ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ሚስጥሩን ታስለፈልፋት ነበር። ሐና እናቷን መልሳ አገኘች። ጣጣው የመጣው እንግዲህ ከመዳኗ ነው፤ የዳነ ሰው ክኒን ለምን ይውጣል?

ከፋሲካ በኋላ አንዲት ሴት ከአገር ቤት ስትመለስ ጠበል ይዛ መጣች። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ ሻንጣዋ ውስጥ በልብስ ጠቅልላ። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ አንድ ጉንጭ ጠበል ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ነው። ላይኛው ፎቅ የምትኖረው ሽታዬ የደረሳትን ለራሷ ሳትል ለብዙነሽ አመጣችላት። ሽታዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሐና ጨቅላ ሳለች ያጠበቻት እሷ ናት።

ነገር ግን ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ክኒኑም የሚዋጠው በባዶ ሆድ ነው። ጠዋት ደግሞ አንድ ብቻ ናት። ሽታዬ እምነት በግማሽ አይሆንም አለች፤ ብዙነሽም ጠበሉን መርጣ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከማበጠሪያዎቹ ሥር ከተተችው።

ሐና ያወቀችው ማበጠሪያ ስትፈልግ ነው። የክኒኑ ካርቶን እንደሞላ ተቀምጧል። እናቷ አልካደችም። በሁለት እጇ የሐናን ፊት ይዛ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ማርያምን በይ» አለቻት።

«ማርያምን» አለች ሐና።

ለምን እንደሚደበቅ ግልጽ ነበር። ታምሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከከተማው ዳር ሱለይ ካለው መጋዘን ጭኖ ደማምና ጂዳ ይመላለሳል፤ ቤት የሚያድረው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ያን ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሕመም፣ ድካም አንጀቱን ሲያቆስለው «ይሄ ነገር ከተመለሰ ኸሩጅ ነው። ልጆቹን ይዘሽ ግቢ፣ እናትሽ ያስታምሙሽ» ብሎ ነበር። ኸሩጅ ላይመለሱ የመውጫ ቪዛ ነው። ሐና የተወለደችው ሪያድ ነው። ትምህርት ቤቷ፣ ጓደኛዋ ሚሚ፣ ክፍሏ፣ ሁሉም እዚህ ነው። አገር ቤት ከገቡ አባቷን የምታየው በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ እውነቱን እንናገር ከተባለ መሐላው ለእሷም ተመችቷት ነበር። እናቷ ላይ ምንም ለውጥ ባላየችባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ ጭራሽ ረሳችው።

ከዚያ ሹራቡ መጣ። ከዚያ ጎርናናው ድምፅ። ከዚያ ብዙነሽ የሐናን ታናሽ ወንድም፣ የአምስት ዓመቱን ፋሲልን፣ ውሃ ስላፈሰሰ ብቻ ጮኸችበትና፣ ልጁ ሳያለቅስ እሷ አለቀሰች። «ሸክም ሆንኩባችሁ» አለች ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። አነጋገሯ እየተጎተተ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምራ እስክትጨርስ ሰው ይሰለቻል። ሐና አልሰለቸችም፤ ፈራች። አንዳንዴ እናቷን ስታያት፣ የእናቷን ልብስ የለበሰች ሌላ ሴት ቤታቸው የገባች ይመስላታል።

አባቷ ሐሙስ መጥቶ «ወፈርሽ እኮ፣ ተመቸሽ» ብሎ ቀለደና ደክሞት ተኛ።

ለሚሚ በእረፍት ሰዓት የሌላ ሰው ታሪክ አስመስላ አወራቻት። ሚሚ ቺፕሷን እየቆረጠመች «አትፎግሪኝ፣ የማን እናት ናት?» አለች። ከዚያ የሐናን ዓይን አየችና ቺፕሱን አስቀመጠች። «የምሬን ነው ሐንዬ፣ እኔ ብሆን እናገር ነበር። ቢቆጣም ይቆጣ።» ለሚሚ ቀላል ነው፤ ማንም ኸሩጅ ብሏት አያውቅም።

ሐና መጀመሪያ የሞከረችው ሌላ መንገድ ነው። ወደ ላይ ወጥታ ሽታዬን ለመነቻት። እትዬ ሽታዬ፣ አንቺ ካልሻት ትሰማለች፣ ሁለቱንም ትውሰድ በያት አለቻት። ሽታዬ አቅፋ አስቀመጠቻት፣ ብርቱካን ላጠችላት፣ የምትናገረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። የመለሰችው መልስ ግን ይህ ነበር።

«ሲብስባት እኮ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ሊወጣ ሲል ነው የሚያስጨንቃት።»

ስለዚህ በባሰባት ቁጥር ተስፋቸው ይጨምራል ማለት ነው። ማንም «በቃ» አይልም።

ሰኞ ዕለት ሐና የስምንተኛ ክፍል የሙከራ ፈተና ተፈትና በጊዜ መጣች። ደወሉን ደጋግማ ብትጫን የሚከፍት ጠፋ። በመጨረሻ በሩን የከፈተው ፋሲል ነው፤ ወንበር ጎትቶ፣ ላዩ ላይ ቆሞ። አፉ ዙሪያ ጥሬ ኢንዶሚ ተለጥፏል።

«እማ አልነሣም አለች» አላት።

መኝታ ቤቱ መጋረጃው ተዘግቷል። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ብዙነሽ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ሐና እጇን ያዘቻት፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ቀዝቅዟል፣ ቆዳውም ደርቆ ይሻክራል። ጠራቻት። ነቀነቀቻት። ደረቷ ከፍ ሲል አየችና ዝቅ እስኪል ጠበቀች፤ በጣም ቆየ። «እማ! እማዬ!» አለች እንደገና። ያበጡት ዐይኖች በዝግታ ተከፈቱ፤ ሐና ላይ አርፈው ግን አላወቋትም።

«መሽቷል?» አለች ብዙነሽ። ምላሷ አፏ ውስጥ የከበዳት ይመስላል።

«ገና ከሰዓት ነው፣ እማ።»

«እንግዲያ... ልተኛ።»

ሐና ሮጣ ከመሳቢያው የክኒኑን ካርቶን አወጣች። እስካሁን ያልተዋጠውን ሁሉ አንድ ላይ ብትሰጣትስ? አንዱን ወደ መዳፏ ጨመቀች፣ ሁለተኛውንም። ሐኪሙ ያን ጊዜ ሲበዛም ልብን ያስሮጣል ማለቱን አስታወሰች። ይቺ በዚህ ቀስታ የምትመታ ልብ በአንዴ ብትሮጥ ምን ትሆናለች? ክኒኖቹን ወደ ካርቶኑ መልሳ ኪሷ ከተተችው። ይህ ነገር ከእሷ አቅም በላይ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። ከእናቷ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

ስልኳ ጮኸ። «አባ» ይላል።

የብዙነሽ እጅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጥቶ የሐናን ክንድ ያዘ። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባት ይሄ ብቻ አልጠፋባትም። «ማርያምን... ብለሻል» አለች።

ሐና አነሣችው። ከኋላ የመጋዘኑ ጫጫታ ይሰማል፤ አባቷ ጭነት እየጠበቀ ሱለይ ነው ያለው። ፈተናው እንዴት እንደነበር ጠየቃት፣ ፋሲል መብላቱን ጠየቃት። ከዚያ እንደ ወትሮው «እናትሽስ?» አለ።

«ተኝታለች» ማለት ነው የለመደችው። ዛሬ ብትለውም ውሸት አይደለም። ወደ ሳሎን ወጥታ፣ በሩን ዘግታ፣ እናቷ ሳትሰማ መናገርም ትችላለች። ሐና ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እናቷ የያዘችውን ክንዷንም አላስለቀቀችም።

«ደህና አይደለችም፣ አባ» አለች። «ክኒኑን ትታለች። እኔም አውቅ ነበር። ስጠራት ቶሎ አልነቃችም፣ ስትነቃም አላወቀችኝም። አሁኑኑ መጥተህ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ሞተር ተነሣ።

«እየመጣሁ ነው። ስልኩን አትዝጊው» አለ ታምሩ። ድምፁ ሐና ከዚህ በፊት ሰምታው የማታውቀው ዓይነት ነው፤ ቁጣ ይሁን ፍርሃት አልለየችውም። «ክኒኑን ከመቼ ጀምሮ ነው የተወችው?»

ብዙነሽ የልጇን ክንድ ለቀቀች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከፋሲካ በኋላ» አለች ሐና። ከዚያም እናቷ በምትሰማበት ድምፅ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።