የሽማግሌው ላው ጭራሮዎች

ሽማግሌው ላው በማሌዢያዋ ታፓህ ከተማ፣ ነፍሳቱን በሚያረባበት ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አንገቱ በራሱ ገጀራ ተቆርጦ ሊበጠስ ደርሷል፤ ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል። ጭራሮ የሚመስሉት ነፍሳት የሚኖሩባቸው የወንፊት ሳጥኖች ተሰባብረዋል።

ኢንስፔክተር ሮስናኒ መስኮቱ ላይ ከነፍሳቱ የተረፈች አንዲት አረንጓዴ ጭራሮ አየች። በእስክሪብቶ ነካ ብታደርጋት ደም የመሰለ ክንፍ ዘረጋችና መልሳ አጠፈችው።

«ትናንት ሲመሽ ክንፍ አልነበራትም» አለች የሟች ልጅ ሲው ላን ከደጅ ሆና። «አባባ ከጫካ ካመጣው እንቁላል የፈለፈላት አዲስ ዘር ናት። የመጨረሻ ቆዳዋን ስትጥል ክንፍ ታወጣለች ብሎ ሲጠብቃት ነበር። ምን እንደሚመስል እሱም አያውቅም። ጠዋት ሬሳውን ሳገኝ ክፍሉን ቆልፌ እናንተን ጠራሁ።»

«ክንፏንስ አይተሻል?»

«እኔ ያየሁት የአባቴን አንገት ነው።»

ጎረቤቱ ሙኒያንዲ ሳይጠየቅ ጮኸ፦ «ለነፍሳቱ ቅጠል እያለ የዘይቱን ዛፌን መላጣ አደረገው! ‹እጅህን እቆርጠዋለሁ› ብዬዋለሁ፣ አልክድም። ግን ኢንስፔክተር፣ እጅ አልኩ እንጂ አንገት አልኩ?»

የሲው ላን ባል ኮክ ዌንግ ግቢው ውስጥ ሲጋራ ያጨሳል።

«ክፍሉ ገብተህ ነበር?»

«ልጄ ከሞተች ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። አስም ነበረባት። ሽማግሌው ‹ሆስፒታል ምን ያደርጋል፣ የጭራሮ ኩስ በሻይ ትጠጣ› አለ። ቀበርናት።»

«የተረፈችውን ጭራሮ ምን እናድርጋት?»

«ያቺን ቀይ ክንፍ ሰይጣን? ርገጧት!»

ሮስናኒ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጭራሮዋ ክንፍ ያወጣችው ትናንት ሌሊት ነው» አለች። «ስትቀመጥ አረንጓዴ ናት፤ ቀዩን የምታሳየው ስትደነግጥ ብቻ ነው። ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ተቆልፏል፤ ከእኔ በቀር የገባበት የለም። ታዲያ ኮክ ዌንግ፣ ሳጥኖቹ ሲሰባበሩ እዚያ ካልነበርክ ቀዩን የት አየኸው?»

ኮክ ዌንግ ሲጋራውን ጣለ።

«በደጁ ሳልፍ ጠራኝ። ‹ና እይ፣ ክንፍ አወጣች!› እያለ እንደ ሕፃን ያጨበጭባል። ልጄ አፈር ለብሳ እሱ ያጨበጭባል? ገጀራው ቅርብ ነበር።»

ሲው ላን ፊቱ ቆመች።

«ሻዩን በእጄ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እኔን ለምን ተውከኝ?»

ኮክ ዌንግ ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።