ሰው ያሳቀው ቀበሮ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው አይመን... እኔ ግን ከራሱ ከመሳፍንት ነው የሰማሁት። በስልክ።

ያለፈው ክረምት ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ቦታው ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ትምህርት ቤት።

ትምህርት ተዘግቶ መምህራኑ ሁሉ ወደየቤተሰባቸው ሄደዋል። የባዮሎጂ መምህሩ መሳፍንት ግን "ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፤ አንተ ቆይተህ የመርጃ መሣሪያ ክፍሉን አስተካክል" ተብሎ ቀረ። ከጥበቃው ከአያ ምናለ በቀር የሚያናግረው ሰው አልነበረም። አያ ምናለም ወሬ አይወዱም።

ጉሙ ከጮቄ እየወረደ ግቢውን ይውጠዋል። የባንዲራው እንጨት እንኳ አይታይም።

ያን ቀን ክፍሉን ሲያስተካክል፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ ቀበሮውን አገኘው።

ድሮ እዚያ ያስተማሩ መምህር ቢተው የሚባሉ ሰው ናቸው የሠሩት። ቆዳውን ገፈው ገለባ ጠቅጥቀውበታል። አንገቱ ከልክ በላይ ረዝሟል። ዓይኖቹ የልጆች ብይ ናቸው፤ አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ወለሉን ያያል። አፉ በጥቁር ክር ጥርቅም ተደርጎ ተሰፍቷል።

መሳፍንት ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ...

በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው።

በማግስቱ አገር ምድሩ ስቋል።

"ሚኒስትሪ የወደቀ ቀበሮ!"

"የመታወቂያ ፎቶዬን ማን ለቀቀው?"

ደብረ ማርቆስ ያለችው እህቱ ሂዊ እየሳቀች ደወለች።

"ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቀው?" አላት።

"ቀበሮ ለመሆን ሞክሮ ያቃተው ይመስላላ! ደግሞ ማፈሩ... ሰው የወደደው ለዚያ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነና። ጥርሱማ ገደለኝ!"

"የምን ጥርስ?"

"ሲስቅ ነዋ።"

መሳፍንት ዞር ብሎ አየው። አፉ እንደተሰፋ ነው።

ቪዲዮውን ከፈተ። እንደተሰፋ ነው።

እየቀለደችበት መሰለው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይቀርጸው ጀመር። አጠገቡ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል፤ ያወራዋል። ስልኩ ሲንጫጫ ይውላል። ክፍሉ ሰው የሞላበት ይመስለዋል።

አስተያየቶቹ ግን ግራ ያጋቡት ጀመር።

"አጎራረሱን አያችሁልኝ?"

"ለቀበሮው ድምፅ የሚሰጠው ማነው? ጎበዝ ነው።"

በእሱ ስልክ ላይ የሚታየው የቆመ ቀበሮ ነው... አጠገቡ ደግሞ እሱ ራሱ፣ እንጀራውን ሲጎርስ። ሰው ሁሉ የሚስቅበት ነገር ለእሱ ብቻ አልታይ አለው።

አያ ምናለን ጠርቶ አሳያቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩ። አልሳቁም።

"ይተዉት፣ መምህር" አሉ በሹክሹክታ።

"ምን ታየዎት?"

"ይተዉት... በቃ።"

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል በኩል ማለፍ ተዉ።

መሳፍንት ነገሩን ለመለየት ላይቭ ገባ። ቀበሮውን ጥግ ወስዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ከካሜራው ፊት ብቻውን ተቀመጠ።

"ዛሬ እኔ ነኝ። መሳፍንት እባላለሁ። እታያችኋለሁ?"

የሳቅ ምልክት ስክሪኑን ሞላው።

"ቀበሮው ስም አወጣ!"

"እኔ እኮ... ሰው ነኝ" አለ።

"ሰው ነኝ አለ! ኧረ ሆዴን!"

አጠፋው።

ወዲያው ሂዊ ደወለች። ይህን ጊዜ አትስቅም።

"ወንድሜ፣ ድምፅህ ልክ አይደለም። ብቻህን መሆኑ ጎድቶሃል። ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ።"

አለቀሰ። ቢያንስ አንድ ሰው አወቀው።

ጠዋት መኪና ኮንትራት ይዛ መጣች። መሳፍንት ሻንጣውን ይዞ የክፍሉ በር ላይ ይጠብቃታል። ስትመጣ ሻንጣውን ጣለና እጁን ዘረጋ።

አልፋው ገባች። እሱም ተከትሏት ገባ።

ጥግ ላይ የቆመውን አቀፈችው።

"ውይ ወንድሜን... እንዲህ ከስተህ?" ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው። ደግፋ ስታወጣው ገለባ እየረገፈ ወለሉን ሞላው።

አያ ምናለ ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ሻንጣውን አነሱ።

"ሂዊ! እዚህ ነኝ! ሂዊ!"

ቆመች። ዞረች። ዓይን ለዓይን አየችው... ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

"ይኸ ነው እንዴ፣ ሰው ሁሉ የሚስቅበት?"

አያ ምናለ በሩን ከውጭ ቆለፉ።

በመስኮቱ አያቸው። መኪናው ወደ ጉሙ እየገባ ነው። ከኋላ ወንበር፣ ጋቢ የለበሰው ነገር እህቱ ትከሻ ላይ ተደግፏል... እሷም እያባበለች ጀርባውን ትደባብሰዋለች።