ቀይ ማሰሪያ ያለው አንድ ጫማ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የወለላን ነገር ነው የምንሰማው። ትንሽ ያሳዝናል፤ ግን አብረን ነን።

የወለላ አያት የድሮ ወታደር ነበሩ። ሃምሳ አለቃ ደምሰው ይባላሉ። ወለላ ግን «አባባ» ነው የምትላቸው።

ቀኝ እግራቸው ጦርነት ላይ ቀርቷል። የሚሄዱት በግራ እግራቸውና በእንጨት ክራንች ነበር።

ጠዋት ጠዋት ቤቱን የሚቀሰቅሰው የእሳቸው እርምጃ ነው። ክራንቹ ኳ! ጫማው ዱብ!

ኳ! ዱብ! ኳ! ዱብ!

ጫማቸው አንድ ብቻ ነው። ቡኒ ነው፣ ቀይ ማሰሪያ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም ይቀቡትና እስኪያብረቀርቅ ይወለውሉታል።

በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ በአውቶቡስ መቂ ይሄዳሉ። ሲመለሱ አንድ አዲስ ጫማ ይዘው ይመጣሉ።

«አባባ፣ ሌላው ጫማዎ የት ሄደ?» ትላቸዋለች ወለላ።

«እሱማ ጓደኛዬ ጋ ነው» ይሉና ይስቃሉ። ወለላም ቀልድ ይመስላታል።

አንድ ቀን አባባ ታመሙ። ተኙ። በሦስተኛው ቀን እግዚአብሔር ወሰዳቸው።

ቤቱ ዝም አለ። ጠዋት ሆነ፤ ኳ የለም። ማታ ሆነ፤ ዱብ የለም።

ወለላ ያንን ድምፅ መስማት ፈለገች። ክራንቹን አነሣች፤ ክራንቹ ከእሷ ይረዝማል። ትንሿን እግሯን ትልቁ ጫማ ውስጥ ከተተች።

ኳ! … ዷ! ወደቀች።

እንደ አባባ አልሆነም። ጉልበቷን ይዛ አለቀሰች።

አባባ ከሞቱ አርባ ቀን ሲሆን እናቷ ልብሳቸውን አወጣች። ለነፍሳቸው ብላ ለችግረኛ ልትሰጥ ነው። ካፖርቱን አጠፈች። ባርኔጣውን አራገፈች። ብርድ ልብሱን ጠቀለለች።

ከዚያ ጫማውን አየችው። አንድ ጫማ ለማን ይሆናል፣ መጣሉ ነው እንግዲህ አለች።

ወለላ ይህን ሰማች። እናቷ ዞር ስትልላት ጫማውን ወስዳ አልጋ ሥር ደበቀችው።

ጫማውን አይተሽዋል ወይ ብላ እናቷ ጠየቀቻት። ወለላ አላየሁም አለች።

ከሰዓት በኋላ ከደጅ ድምፅ መጣ።

ኳ! ዱብ! ኳ! ዱብ!

«አባባ!» ወለላ እየበረረች ሄዳ በሩን ከፈተችው።

አባባ አይደሉም። ሌላ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ፣ ክራንች የያዙ። ወለላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

እናቷ አቅፋ አስገባቻቸው። አስር አለቃ ቱፋ ነበሩ፣ የአባባ የጦር ሜዳ ጓደኛ። መርዶው መቂ የደረሳቸው ትናንት ነው። ተቀምጠው ብዙ አለቀሱ።

ወለላ በጣቶቿ መሃል አየቻቸው። ግራ እግር የላቸውም። ቀኝ እግራቸው ላይ ቡኒ ጫማ አለ።

ማሰሪያው ቀይ ነው።

ወለላ አልጋ ሥር ገባች። ጫማውን ይዛ መጣችና ከሽማግሌው ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው።

ግራና ቀኝ። ጥንድ።

«ሆስፒታል አልጋችን ጎን ለጎን ነበር» አሉ አስር አለቃ ቱፋ። «የእሱ ቀኝ እግር ተቆረጠ፣ የእኔ ግራው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥንድ እየገዛን ለሁለት ነው የምንጫማው።»

ከዚያ ወደ ወለላ ጆሮ ጎንበስ አሉ። «የእሱ እግር ትልቅ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጥጥ ጠቅጥቄ ነው የሄድኩት። እንዳይከፋው ብዬ አልነገርኩትም።»

ወለላ ፈገግ አለች። አባባ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ቀጥላም ሆዷ ውስጥ የነበረውን ጠየቀች። «አባባ ይመለሳሉ?»

«አይመለስም፣ ልጄ። እኔም በር ሲንኳኳ እሱ ይመስለኛል። እሱ ግን አይደለም።»

ወለላ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ። ዝም በይ ያላት የለም።

ከዚያ ተነሥታ ቀለምና ብሩሽ አመጣች። የአባባን ጫማ ቀባች። የአስር አለቃ ቱፋንም እግራቸው ላይ እንዳለ ቀባችላቸው። እጇም አፍንጫዋም ጠቆረ።

እማዬ፣ ደብቄው ነበር አለቻት እናቷን። እናቷ አውቄያለሁ አለች። ጫማውን አንሥታም በር አጠገብ፣ ድሮ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስር አለቃ ቱፋ ለአውቶቡሱ ወጡ። ኳ! ዱብ! ኳ! ዱብ! … ኳ … ዱብ …

ወለላ አልሮጠችም። ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ማታ ከእናቷ ጋር ጸለየች። የአባባን ነፍስ ማርልን፣ የአስር አለቃ ቱፋን መንገድ ጠብቅልን አለች። ከዚያ ተኛች።

ቤቱ ዝም አለ። ወለላ በጣቷ የአልጋውን እንጨት መታች። በመዳፏ ፍራሹን መታች።

ኳ። ዱብ።

እናንተም ቀስ ብላችሁ ምቱ። ኳ። ዱብ። ነፍሳቸውን ይማር በሉና ተኙ።