አረንጓዴው የወረቀት ቆብ

ሠዓሊው አለቃ ወልደ ሩፋኤል ሐሙስ ከቀትር በኋላ በጣሊያኑ ካፒቴን አዳራሽ ውስጥ፣ ገና ባልጨረሱት ሥዕል ግርጌ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የተመቱበት የቀለም መፍጫ ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል። ድንጋዩ የሚስታቸው የጥሩብርሃን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለም የፈጨችላቸው እሷ ናት፤ ሬሳውን ቀድማ አይታ የጮኸችውም እሷው ናት። ለካፒቴኑ ይኸው በቃው። ቅዳሜ በገበያው መካከል ትሰቀላለች ብሎ አስነገረ።

የደብረ ማርቆስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄዱ። ነፍስ በጠፋበት አገር ሕዝቡ አውጫጭኝ ተቀምጦ ነገሩ ሳይጣራ ሰው አይሰቀልም ብለው ለመኑት። ካፒቴኑ ያገሩን ልማድ እንደ ጨዋታ ማየት ይወድ ነበርና እስከ ዓርብ አመሻሽ ጊዜ ሰጣቸው። መርማሪ ማን ይሁን ሲባል የሁሉም አፍ ነገረ ፈጅ እንዳላማውን ጠራ። ሽማግሌው፣ ጣሊያን ያገሩን ችሎት ከዘጋው ወዲህ፣ ሥራ ፈትተው ቀፎ ሲጠብቁ የከረሙ፣ ጉልበታቸው እንጂ ዓይናቸው ያልደከመ ሰው ናቸው።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ገብተው ከሬሳው ይልቅ ሥዕሉን ብዙ አዩ። በሸራ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሚያሳየውም ካፒቴኑ በታኅሣሥ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ያደረገውን ግብዣ ነው። ያን ቀን ሹል ሹል የወረቀት ቆብ በሳጥን አስመጥቶ፣ በጾም የጠራቸውን ያገር ሰዎች ሳይቀር አስደፍቷቸው ነበር። ይህም አልበቃው ብሎ ለዘለዓለም ይኑርልኝ ሲል አለቃን በግድ ሥዕል አስጀመራቸው።

በሥዕሉ ላይ ጣሊያኖቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሯል። ካፒቴኑ ይህን እጅግ ወዶታል፤ በሳንቲም ላይ ያለ ንጉሥ መሰልኩ እያለ ይመጻደቅበታል። ቤተ ክርስቲያን የሳመ የጎጃም ሰው ግን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ እንደሚሣል ከልጅነቱ ያውቃል። እንዳላማው ሳቃቸውን ዋጡ፤ ወዲያው ደግሞ ፈሩ። ይህ ትርጉም ከካፒቴኑ ጆሮ ቢገባ፣ ጥሩብርሃን ከባሏ ደም ብትነጻ እንኳ በዚሁ ትሰቀላለች።

ከጣሊያኖቹ በስተቀኝ ሦስት ያገር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ቆብ ደፍተዋል። በሥዕሉ ውስጥ ዓይን የወጣለት ሰው የለም፤ ፊት ሁሉ ባዶ ነው። ባለ አረንጓዴው ብቻ ሁለት ጥቁር ዓይን አውጥቶ ፊት ለፊት ያፈጣል። ጸጉሩ ጥቁርና ጎፍላ ነው። ቆቡ ከጎኑ ተተርትሮ፣ እንዳይወድቅ በእሾህ ተያይዟል። እንዳላማው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ጸጉሩን ነካ አደረጉትና ጣታቸውን አይተው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉት።

የበሩ ዘበኛ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ካፒቴኑ መንገድ ሥራ ሊያይ በወጣበት ሰዓት፣ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ገብተው መውጣታቸውን ተናገረ፤ ማን ቀድሞ ማን እንደ ተከተለ ግን አያስታውስም። ጣሊያን የሾመው ግራዝማች የሽዋስ ባለ ቀዩ እኔ ነኝ፤ የገባሁትም ጢሜን አሳድግልኝ ልለው ነው አለ። አስተርጓሚው ፍቅረ ሥላሴ ባለ ቢጫው መሆኑን አምኖ፣ አለቃ ነገ ና ብለው እንደ መለሱት ተናገረ። የግብዣው ቀን ሁለቱም ሰክረው ስለ ነበር ባለ አረንጓዴውን ሰው አያስታውሱም፤ ካፒቴኑን ደፍሮ የሚጠይቅ ደግሞ የለም።

ሦስተኛው ገቢ መሪጌታ ቢምረው ጥምጥማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የተወደደ የቅኔ መምህር ናቸው።

«እኔ ቆብ ከመታደሉ በፊት ወጥቻለሁ፤ ጾም አልነበረም እንዴ፤» አሉ። «ባለ አረንጓዴው ሙላት ነው፤ በማግስቱ ወደ ቡሬ የዘመተው ባንዳ። ጸጉሩን አያዩትም?»

«አየሁት፤» አሉ እንዳላማው።

ጥሩብርሃን ከጓሮ ጎተራ ውስጥ ተዘግቶባታል። ልቅሶዋ አልቆ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ሐሙስ ለት ምን ፈጨሽ?» ሲሉ ጠየቋት።

«አረንጓዴውን ነዋ፣ አያ እንዳላማው። እሱን ሰጥቼው ውኃ ወረድሁ። ስመለስ ወድቋል።»

«ጥቁሩንስ?»

«ጥቁር መጨረሻ ነው። ዓይን የሚከፈተው ሌላው ሁሉ ካለቀ ወዲያ፣ ጸሎት ተደርሶ፣ የሁሉም ባንድ ቀን ነው። እኔ ገና ጥላሸቱንም አልለቀምሁ።»

ባለ አረንጓዴው ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እሱን ሲሥሉ አለቃ ከጓዳ እንዳትወጣ ከልክለዋታል። ከጮቄ ተራራ ሥር የተያዙትን አርበኞች ለጣሊያን ያሳየው ማን እንደሆነ ሰምተው ኖሮ፣ «ይህን ሰው ካወቅሽው እንጀራ አይዋጥልሽም» ብለዋት ነበር።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያገሩ ሰው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ካፒቴኑ በወንበሩ ላይ፣ ፍቅረ ሥላሴ ከጎኑ ቆሞ፣ ጥሩብርሃን እጇን ታስራ በሁለት ወታደር መካከል። እንዳላማው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዓይኑ ትርጉም በቀር ሁሉንም መናገር ነበረባቸው፤ ይህም አስጨንቋቸው ነበር።

«አለቃ ከሞቱ በኋላ በዚህ ሥዕል ላይ የሠራ ሰው አለ፤» ሲሉ ጀመሩ። «ይህ ባለ አረንጓዴ ዓይኑ ተከፍቷል፤ የሌላው ሁሉ ገና ነው። ሠዓሊ ዓይን የሚከፍተው መጨረሻ ላይ፣ የሁሉንም ባንድ ቀን መሆኑን ሃያ ዓመት ቀለም የፈጨች ሴት ታውቃለች። ይህን ያደረገው የማያውቅ እጅ ነው። ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

ፍቅረ ሥላሴ ተረጎመ። ካፒቴኑ ቀጥል ሲል በእጁ አሳየ።

«ጥቁር ቀለም በዚህ ቤት አልተፈጨም። የሠዓሊ ጥቁር ደግሞ ሙጫ አለበት፤ ከደረቀ አይለቅም። ይህ በምራቅ ይለቃል፤ የብራና ቀለም ነው። ግራዝማች በጣቱ የሚፈርም ሰው ነው። አስተርጓሚው የሚጽፈው በፈረንጅ ሰማያዊ ቀለም ነው። ከገቡት ሦስቱ የቀለም ቀንድ ከወገቡ የማይለየው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ መሪጌታ ዞረ።

«ሙላት ነው ብያለሁ፤» አሉ መሪጌታ፣ ቀስ ብለው። «ቀለም ያለው ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«ቆቡን እንይ። ለምን ተተረተረ? ከራስ የሚሰፋ ነገር ስለ ተደፋበት ነው። ቆብ ሳይታደል ወጣሁ ያሉት እርስዎ ተቀምጠው፣ በጥምጥምዎ ላይ ደፍተውት ኖሯል።» እንዳላማው እርጥብ ጥጥ አንሥተው የባለ አረንጓዴውን ጸጉር ጠረጉት። ጥቁሩ እየለቀቀ ወረደ፤ ከሥሩም እጥፉ የተቆጠረ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። ወደ ዓይኑ ሊወርዱ ሲሉ ጣታቸው ግንባሩ ላይ ቆመ። ከዚያ በታች ያለውን ቢጠርጉት፣ ወደ ጎን የዞረው የመጀመሪያው ፊት ይወጣል፤ ካፒቴኑም ትርጉሙን ይጠይቃል።

«እርስዎ በጾም ቆብ ደፍተው እንደ ተሣሉ ሲያዩ አጥፉልኝ ብለው ለመኗቸው፤ አለቃ እምቢ አሉ፤ መቷቸው። ሸራውን ቢቀዱት ነገሩ በሥዕሉ መሆኑ ይታወቅብዎታል። ስለዚህ ሌላ ሰው አደረጉት።»

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። ፍቅረ ሥላሴ ፊቱ ገረጣ።

«ጥምጥሙን ለመደበቅ ጸጉር ሣለ፤ ይሁን። ዓይኑን ግን ለምን ጨመረ? ይላል።»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ትርጉሙን ቢናገሩ ጥሩብርሃንን ይዘዋት ይጠፉ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ለምን ወደ ጎን ተሣልሁ የሚለውን ባገር ሽማግሌ ፊት መመለስ ሊኖርባቸው ነው። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ፍቅረ ሥላሴ ከራሱ አውጥቶ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አጭር ነገር ተናገረ፤ ካፒቴኑም ከት ብሎ ሳቀ።

እንዳላማው በኋላ ምን እንዳለው ጠየቁት። «መልከ መልካም መስሎ ለመታየት ነው አልሁት፤» አላቸው። ለጣሊያን የሚያስተረጉም ሰው ላያምኑ ምለው የነበሩት ሽማግሌ፣ ያን ዕለት እጁን ይዘው መረቁት።

ጥሩብርሃን ተፈታች፤ ሥዕሉንም እንድትጨርስ ታዘዘች። የፈረንጅ ዳኝነት ነውና መሪጌታ የታሰሩት ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ካፒቴኑ ወሬ የሚያቀብለውን ሰው አይሰቅልም። እንዳላማው ይህን ሲሰሙ ምግብ አልበላ ብሏቸው ከረመ፤ የአለቃን ደም ለማን እንዳስረከቡት ያውቁታል።

ጥሩብርሃን ግን የብራናውን ቀለም ጠርጋ ወደ ጎን የዞረውን የመሪጌታን ፊት አወጣችው። ጥላሸቷን ፈጨች፣ ጸሎቷን አደረሰች፣ የሁሉንም ዓይን ባንድ ቀን ከፈተች፤ ባለ አረንጓዴውም እንደ ጣሊያኖቹ ባንድ ዓይን ቀረ። ካፒቴኑ ባንድ ዓይኑ የተሣለውን መልኩን እያየ ኮራና ሕዝቡ ገብቶ እንዲያይ በሩን አስከፈተ። ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ፤ የጣሊያኖቹን ረድፍ አልፎ ከአረንጓዴው ቆብ ፊት እየቆመ አየ፤ ወጣ።

መሪጌታ የተፈቱበት ማግስት ቅዳሜ ነበር። ጥምጥማቸውን አሳምረው ገበያ ወጡና እንደ ወትሮው ግራና ቀኝ እጅ እየነሡ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ያላቸው የለም። እህል ሻጩም፣ ገዥውም፣ ከብት የሚነዳውም ቀና ብሎ አያቸውና አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።