ሩት ትቀመጥ?

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ጫማዬን ፈልጌ ከሚወጡት ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ሕልሙን መመስከር ሲጀምር ሰዓቴን ነው የማየው፣ ሙያዬም ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ ኮምፒውተር ያላዘዙትን እንደማይሠራ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አውቅ ነበር ልበል።

ዌስትላንድስ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቴ ስወጣ፣ በትርፍ ጊዜዬ፣ ሁርሊንግሃም ላለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። የታመመ ሰው ስም ይጻፋል፣ የተለወጠው ነገር ገና ካልተቀመጠ ከስሙ አጠገብ ቀይ ነጥብ ትበራለች፣ ከሥሯም አንድ ቃል ይወጣል። ያችን ቃል ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ ስመልስ፣ በእነሱ «ሴቭ» ማስቀመጥም ማዳንም ነውና፣ «ያልተቀመጠ» ማለት ሲገባኝ «ያልዳነ» ብዬው አረፍኩ። በእኛ ምእመናን መሀል «ያልዳነ» ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቤተ ክርስቲያኗ ጸሐፊ እህት አልማዝ ደወለችልኝ፣ ፕሮግራምህ ሩትን አልዳነችም ይላል ብላ ተቆጣችኝ። ሩት ታናሽ እህቴ ናት፣ ያን ሰሞን ሆስፒታል ተኝታ ሰኞ ሆዷን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ቀጠሮ ይዛለች፣ እማዬ አጠገቧ ናት። የቃል ስህተት ነው፣ መጥቼ አርመዋለሁ አልኳትና ማታቱ ታክሲ ተሳፈርኩ። እመኑኝ፣ በራሴ እየሳቅኩ ነበር የሄድኩት።

ስደርስ በቤተ ክርስቲያኗ ኮምፒውተር ላይ ነጥቧ እውነትም ከሩት ስም አጠገብ ትበራለች። ማን ነካው ብላት ከሐሙስ ጀምሮ ማንም ምንም አልጻፈበትም አለችኝ። ፕሮግራሙ የድሮውንና የተለወጠውን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያሳያል፣ ከፍቼ አየሁት፣ ፊደል በፊደል አንድ ነው። ከዚያ ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ እያሉ ኪቦርዱ ቀጭ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። እህት አልማዝም ሰምታለች፣ ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ በሩ አስጠጋች።

ቃሉን ለማረም ፕሮግራሙ መዘጋት አለበት፣ መዝጊያውን ተጫንኩ። ያልተቀመጠ ነገር ካለ ሳይጠይቅ አይዘጋም፣ እኔ የጻፍኩለት ጥያቄ «ለውጡ ይቀመጥ?» የሚል ነው፣ የማንም ስም የለበትም። የወጣው ግን ይሄ ነው፦

«ሩት አልዳነችም። ትቀመጥ?»

ከሥሩ አዎ እና አይ።

«አዎ በለው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለች እህት አልማዝ። ልጫን ስል ስልኬ ጮኸ፣ እማዬ ናት፣ ሩት ድንገት ስለባሰባት ሰኞን ሳይጠብቁ አሁን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት እያለች ታለቅሳለች። እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ። አዎ ብል፣ እንዳልዳነች ትቀመጥ ማለቴ ይሆን? አይ ብል ደግሞ አትቀመጥ ማለቴ አይደል? ሁለቱንም ፈራሁ፣ ማንም እንዳይነካው ለምኜ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ።

ሩት ከሰመመኗ ስትነቃ አጠገቧ ነበርኩ። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ናሆሜ፣ ስጠይቅህ ለምን ዝም አልከኝ?» አለችኝ። ምን ጠየቅሽኝ ስላት መልሳ ተኛች፣ ዛሬ ስጠይቃት አላስታውስም ትላለች።

ይኸው አራት ወር ሆነን። ሩት ኪሌሌሽዋ እኔ ዘንድ ናት፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ግን ቁስሏ አልገጠመም፣ አልባሰም፣ ሐኪሞቹ በየሳምንቱ እያዩ ይገረማሉ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። ኮምፒውተሩም አልተዘጋም፣ ጥያቄው እንደቆመ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሩት ሻይ እየጠጣች ስታወራኝ ከአረፍተ ነገሯ መሀል ቆመች፣ ብርጭቆው አየር ላይ፣ ዓይኗ እንደተገለጠ፣ ብጠራት አትሰማም፣ ከደቂቃ በኋላ ካቆመችበት ቃል ቀጠለች። ወዲያው እህት አልማዝ ደወለች።

«ስቲማ ሄዶ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አሁን መጣ፣ ደግነቱ ኮምፒውተሩን ባትሪው ያዘው» አለችኝ። «ባትሪው ግን አርጅቷል ወንድሜ፣ ይቀየር።»

ለመቀየር መጀመሪያ ኮምፒውተሩ መጥፋት አለበት።